«አጎቷ ይፈርምላት»፦ በአሜሪካ የትዳር ቪዛ ዘመድን ዋስ ስለማድረግ

  

የዛሬው ርእሳችን ከኒሯቅ በደረሰን ደብዳቤ ላይ የተመሠረተ ነው። ኒሯቅን ለማታውቋት፣ በዋግ ኽምራ የአበርገሌ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ በፍየሉ የታወቀ ነው። ደብዳቤውን የጻፉልን አንድ አባት ናቸው። ልጃቸው ኒካሕ ካሰረች ሁለት ዓመት አልፏታል። ባሏ የሰቆጣ ልጅ ነው፤ አሁን ቨርጂኒያ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ይኖራል፣ የአሜሪካ ዜግነት አለው፣ ታክሲ ይሠራል። ለሚስቱ ያስገባው ማመልከቻ ካለፈለት በኋላ «ገቢህ አይበቃም፤ ተጨማሪ ዋስ አቅርብ» ተባለ። ወዲያው የሁሉም ዓይን ያረፈው ሚኒሶታ በሚኖረው በልጅቷ አጎት፣ በእናቷ ወንድም ላይ ነው። ተደወለለት። «እስቲ ላስብበት» አለ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ማንሳት ትቷል።

አባት እንዲህ ይላሉ፦ «አሳድገን የላክነው ልጅ ለእህቱ ልጅ አንድ ፊርማ ነፈጋት። እናቷ ታለቅሳለች። ሽማግሌ ሰብስበን ልንወቅሰው ነው። ዝምድናን መቁረጥ በዲናችን ከባድ ነው ሲባል እንሰማለን፤ እሱ የቆረጠው አይደለም ወይ?»

አባታችን፣ የልጅ ነገር እንደሚያንገበግብ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት «አንድ ፊርማ» የምትለዋን ቃል መፈተሽ አለብን። የቤተሰቡ ቅሬታ ሁሉ የተንጠለጠለው በእሷ ላይ ነውና።

በአገራችን ዋስ መሆን ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ገንዘብ ያዥ ሆኖ የሚቀጠር ሰው ተያዥ ይጠየቃል። በአብቁተ ጊዜ (ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል) ገበሬው በቡድን ዋስትና ሲበደር አንዱ ሳይከፍል ከቀረ ሌሎቹ ይጠየቁ ነበር። ስለዚህ የገጠሩ ሰው የዋስትናን ክብደት ከማንም በላይ ያውቀዋል። የሚገርመው ግን ወረቀቱ ከአሜሪካ ሲመጣ ያው ሰው ነገሩን እንደ ቀላል የድጋፍ ደብዳቤ ማየቱ ነው።

ለዚህ መሳሳት አንዱ ምክንያት ዲቪ ይመስለናል። በዲቪ ዕጣ ይሄዱ የነበሩ ወገኖቻችን ኤምባሲው ስፖንሰር ሲጠይቃቸው ያቀርቡ የነበረው አይ-134 የሚባለውን ቅጽ ነው። እሱን ፈርሞ በኋላ ፍርድ ቤት የቆመ ሰው አልሰማንም። ቅጹ እንደ ሞራል ቃል የሚታይ ነበርና ብዙ ሰው ለጎረቤቱም ለማያውቀውም ፈርሟል። በትዳርና በሥጋ ዝምድና ለሚኬድበት ቪዛ የሚፈረመው ግን ሌላ ነው፤ አይ-864 ይባላል። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ሕግ መሠረት ከዲሴምበር 1997 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ፣ ፈራሚውን በፍርድ ቤት የሚያስገድድ ውል ነው። ፈራሚው ውሉን የሚገባው ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ሲሆን፣ የምትመጣዋ ሴትም በውሉ መክሰስ ትችላለች።

እንግዲህ የሚኒሶታው አጎት ስልኩን ያላነሳው ልቡ ስለጨከነ ነው ብለን ከመደምደማችን በፊት የተጠየቀውን እንመልከት።

ማን ይፈርማል? ስንት ገቢ ይጠየቃል?

የመጀመሪያው ፈራሚ ምንጊዜም ማመልከቻውን ያስገባው ባል ራሱ ነው። ገቢው ባይበቃም፣ ሥራ ባይኖረውም ይፈርማል። ተጨማሪ ዋሱ፣ እዚያ ያሉት ወገኖቻችን ጆይንት ስፖንሰር የሚሉት ማለት ነው፣ ባልን ነጻ አያወጣውም፤ ከጎኑ ይቆማል እንጂ። ይህ ዋስ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው፣ የአሜሪካ ዜጋ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ (ግሪን ካርድ) ያለው፣ ኑሮውም እዚያው አሜሪካ የሆነ ሰው መሆን አለበት። ዘመድ እንዲሆን ሕጉ አያስገድድም። የሥራ ባልደረባም፣ የመስጂድ ወንድምም መፈረም ይችላል። ዘመድ የሚመረጠው ሸክሙን ለመሸከም ምክንያት ያለው እሱ ስለሆነ ነው። አመልካቹ ባል ራሱ ከሞተና ጉዳዩ እንዲቀጥል ከተፈቀደ ግን በእሱ ቦታ የሚተካው ፈራሚ የግድ በሕጉ የተዘረዘረ የቅርብ ዘመድ መሆን አለበት፤ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

እዚህ ላይ «ሪያድ ያለው ልጃችን ሀብታም ነው፤ እሱ ለምን አይፈርምም?» የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። አይችልም። ኑሮው አሜሪካ አይደለምና። ደግሞም በዓረብ አገር የሠሩ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን «ከፊል» የሚለውን ቃል ሲሰሙ የሚታያቸው የሠራተኛውን የመኖሪያ ፈቃድ በእጁ የያዘ፣ ፓስፖርት የሚደብቅ አሠሪ ነው። የአሜሪካው ዋስ እንደዚያ አይደለም። ግዴታ እንጂ ሥልጣን የለውም። ልጅቷ የት እንደምትኖር፣ ምን እንደምትሠራ የመወሰን መብት አይሰጠውም። ከገባች በኋላም «ዋስትናዬን አንስቼ አስመልስሻለሁ» ሊላት አይችልም። ባልም አይችልም። ይህን ሴት ልጆቻችን ከመሄዳቸው በፊት ሊያውቁት ይገባል፤ ባዶ ማስፈራሪያ ይዞ የሚያስጨንቅ አይጠፋምና።

ወደ ገቢው እንመለስ። የአሜሪካ መንግሥት በየዓመቱ የድህነት መነሻ የሚባል ሠንጠረዥ ያወጣል። ዋሱ ለቤተሰቡ ቁጥር ከተቀመጠው ቢያንስ 125 በመቶ ገቢ እንዳለው ማሳየት አለበት። በ2025 እ.ኤ.አ. ሠንጠረዥ ለሁለት ሰው መነሻው 21,150 ዶላር ስለነበር የሚጠየቀው 26,437 ዶላር ነበር። ሰው በጨመረ ቁጥር ገቢውም ይጨምራል። ቁጥሩ በየዓመቱ ስለሚለወጥ ቅጹ በሚገባበት ጊዜ ያለውን መመልከት ያስፈልጋል።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ግን ሰው ሲቆጥር ነው። አጎትየው ሚስትና አራት ልጆች አሉት ሲባል፣ ከራሱ ጋር ስድስት ሆኑ። የእህቱ ልጅ ስትጨመር ሰባት ናቸው። በ2025 ሠንጠረዥ ለሰባት ሰው 60,812 ዶላር ይጠየቃል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቱን በዚሁ ቅጽ አስመጥቶ ከሆነና ያ ውል ገና ካልተቋረጠ እሷም ትቆጠራለች። ስምንት ሆኑ፤ 67,687 ዶላር። ኒሯቅ ተቀምጦ «እሱ እኮ ጥሩ ደመወዝ አለው» ማለት ይቀላል። በዚህ ስሌት ግን ጥሩ ደሞዝተኛ የተባለውም ሊወድቅ ይችላል። ማን ያውቃል፣ አጎት «ላስብበት» ያለው ሒሳቡን ሲያሰላው አልደርስ ብሎት፣ ያንንም ለእህቱ መናገር አፍሮ ይሆናል።

ሌላው ትልቅ ስሕተት ሁለት ጎዶሎን ደምሮ ሙሉ ለማድረግ መሞከር ነው። ባል 19,000 ዶላር፣ አጎት 40,000 ዶላር፣ «ሲደመር 59,000 ሆነ» ይባላል። አይደመርም። በሌላ ቤት የሚኖር ተጨማሪ ዋስ ለራሱ ቤተሰብና ለምትመጣዋ ሴት የሚጠየቀውን ገቢ ብቻውን ማሟላት አለበት። የባል ገቢ አይረዳውም።

መደመር የሚቻልበት አንድ በር ግን አለ፤ ሰው ሁሉ አልፎት የሚሄደው ይህን ነው። ከአመልካቹ ጋር በአንድ ቤት የሚኖር ዘመድ፣ ለምሳሌ ወንድም፣ እህት፣ አባት ወይም ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጅ፣ አይ-864ኤ የተባለውን ቅጽ ፈርሞ ገቢውን ከአመልካቹ ገቢ ጋር ማዋሃድ ይችላል። እሱም በቤተሰቡ ቁጥር ውስጥ ይገባል። ይህ ቅጽም ቀላል አይደለም። የፈረመው ዘመድ ከአመልካቹ እኩል ተጠያቂ ይሆናል።

ከገቢው ሳንወጣ ስለ ግብር አንድ ነገር እንበል። ኤምባሲው የሚያየው በእጅ የገባውን ገንዘብ ሳይሆን ለአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት የተነገረውን ነው። በታክሲና በኡበር የሚተዳደሩ ብዙ ወገኖቻችን ነዳጁን፣ የመኪናውን እርጅና፣ ኢንሹራንሱን በወጪ ያስቀንሳሉ። ሕጉ የፈቀደላቸው ነው። ታዲያ 60,000 ዶላር ሠርቶ በግብር ወረቀቱ ላይ 19,000 የቀረለት ሰው በኤምባሲው ፊት የ19,000 ሰው ነው። ሕጉ ያልፈቀደውን ወጪ ጽፎ ግብር የሸሸ ደግሞ ከዚህ የባሰ አጣብቂኝ ውስጥ ይገባል፤ ለግብር ሰብሳቢው ድሃ፣ ለኤምባሲው ሀብታም ሆኖ መቅረብ አይቻልም። አይ-864 በሐሰት መፈረም የሚያስቀጣ ቃል ነው፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ የሐሰት ምስክርነት ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልገንም።

ገቢ ከጎደለ በንብረት መሙላት ይቻላል። አመልካቹ የአሜሪካ ዜጋ ሆኖ የሚያስመጣው ሚስቱን ከሆነ የንብረቱ ዋጋ የጉድለቱን ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ከሆነ አምስት እጥፍ ይጠየቃል። 8,000 ዶላር የጎደለው ዜጋ 24,000 የሚያወጣ ንብረት ያሳያል ማለት ነው። የምትመጣዋ ሴት የራሷ ንብረትም ሊቆጠር ይችላል። ሆኖም ንብረቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ገንዘብ የሚለወጥና ከአገር ሊወጣ የሚችል መሆን አለበት። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም። ቤት ቢሸጥም ብሩን በዶላር ቀይሮ ማውጣት በባንክ ሕግ የተገደበ ነው። ስለዚህ በሰቆጣ ወይም በደሴ ቤት አለን ብሎ በእሱ መተማመን የሚያዛልቅ መንገድ አይመስለንም።

ፊርማው የሚቆየው እስከ መቼ ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የአጎት ዋስትና የሚቆመው የሚከተለው ሲሆን ነው፦ የመጣችው ሴት የአሜሪካ ዜግነት ስታገኝ፣ ወይም ሕጉ በሚቆጥረው አቆጣጠር 40 ሩብ ዓመት ሥራ ሲመዘገብላት፣ ወይም አሜሪካን ለቅቃ ነዋሪነቷን ስትተው፣ ወይም እሷ ወይም ዋሱ ሲሞቱ። በአንድ ዓመት ከአራት ሩብ በላይ ስለማይቆጠር 40 ሩብ በራሷ ሥራ ቢያንስ አሥር ዓመት ነው። በትዳር ሳሉ ባል የሠራው ለእሷም ሊቆጠርላት ስለሚችል ሊያጥር ይችላል። ከሁሉ አጭሩ መንገድ ዜግነት ነው። ከዜጋ ባሏ ጋር በትዳር የምትኖር ሴት ግሪን ካርድ ካገኘች ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሌላው ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ ማመልከት ይችላል። ዋስ የሆነ ዘመድ ቋንቋ እንድትማርና ለዜግነት ፈተናው እንድትዘጋጅ ቢጎተጉታት አይፈረድበትም።

ከእነዚህ መካከል የሌለውን ልብ በሉ። ፍቺ የለም። ጋብቻው በፈረሰ ማግሥት የባልም የአጎትም ግዴታ እንዳለ ይቀጥላል።

ይህ በወረቀት ብቻ ያለ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በሰሜን ካሊፎርኒያ የፌዴራል ፍርድ ቤት አንዲት ከኢትዮጵያ የሄደች ሴት የቀድሞ ባሏን በዚሁ ቅጽ ከስሳ ነበር። ፍርድ ቤቱ የትዳሩ መፍረስ ግዴታውን እንደማያቋርጠው ተቀብሎ፣ ሒሳቡን ዓመት በዓመት ለየብቻ አሰላው። ገቢዋ ከተቀመጠው 125 በመቶ ያነሰበትን ዓመት ባል ይሞላል፤ በበለጠበት ዓመት አይከፍልም። የደህናው ዓመት ትርፍ ግን የክፉውን ዓመት ጉድለት አያጣፋም። በ2012 ደግሞ መቀመጫው ቺካጎ የሆነ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ዋሱ «ሥራ አልፈለገችም» ብሎ ከክፍያ ማምለጥ እንደማይችል ወስኗል። በ2025 ሠንጠረዥ ለአንድ ሰው የተቀመጠው 19,562 ዶላር ነበር። 12,000 ያገኘች ሴት 7,562 ዶላር ጎድሏታል። ለአንድ ዓመት ነው። አምስት ዓመት ቢቆይስ?

መንግሥትም እንዲሁ። ለችግረኞች የሚሰጥ የምግብ ወይም የሕክምና ድጎማ ከወሰደች፣ ሰጪው መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ከዋሶቹ መጠየቅ ይችላል። ከሁለቱ ዋሶች ማንንም መርጦ ሙሉውን ሊጠይቅ ይችላል፤ «መጀመሪያ ባሏን ጠይቁ» ማለት አያድንም። ቤት ሲቀይርም ዋሱ በ30 ቀን ውስጥ አይ-865 በተባለ ቅጽ ማሳወቅ አለበት።

ፊርማውን መሳብ የሚቻለው ቪዛው ከመሰጠቱ በፊት ብቻ ነው።

በዲናችን ዋስ መሆን

ዑለሞች «ደማን» ወይም «ከፋላ» የሚሉት ይህንኑ ነው። የተፈቀደ፣ በመልካም ኒያ ከተደረገ አጅር ያለበት ሥራ ነው። በሱረቱ ዩሱፍ የጠፋውን የንጉሥ መስፈሪያ ላመጣ የግመል ጭነት እንደሚሰጥና ለዚህም ዋስ የሆነ ሰው እንዳለ የተነገረበትን ቦታ ዑለሞች ለዚህ ማስረጃ ያደርጉታል። ክብደቱን ለመረዳት ግን ሰለማ ኢብኑ አክወዕ ያስተላለፉት፣ በቡኻሪ ስብስብ ያለው ታሪክ ይበቃናል። የአንድ ሰው ጀናዛ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀረበ። ሦስት ዲናር ዕዳ ነበረበት፤ የሚከፈልበት ግን አልተወም። እሳቸው ራሳቸው አልሰግድበትም ብለው ለባልደረቦቻቸው ተዉላቸው። አቡ ቀታዳ ዕዳውን ሲሸከሙ ጊዜ ሰገዱበት። ጃቢር ባስተላለፉት ዘገባ ደግሞ ነቢዩ በማግሥቱ ዕዳው ተከፍሎ እንደሆነ ጠይቀዋል። አቡ ቀታዳን «ቃልህ ይበቃል» ብለው አላለፏቸውም።

አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት ባለገንዘቡ ተበዳሪውንም ዋሱንም መጠየቅ ይችላል ይላሉ። ከማሊኪያዎች ዘንድ የሚታወቀው ተበዳሪው መክፈል ከቻለ መጀመሪያ እሱ ይጠየቅ የሚለው ነው። የአሜሪካው ሕግ ለመጀመሪያው የቀረበ ነው። ከዚህም ሌላ አብዛኞቹ ሊቃውንት ለዋስትናው ለራሱ ዋጋ መቀበልን ይከለክላሉ። ይህን የምናነሳው ገንዘብ ተቀብሎ የሚፈርም ሰው ፈልጉልን የሚሉ ስላሉ ነው። ገንዘብ ወስዶ ለማያውቃት ሴት የሚፈርም ሰው ወይ ውሉን አላነበበውም፣ ወይ ገቢውን አሳስቶ ሊጽፍ ነው። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው የእናንተ ልጅ ፋይል ነው።

እንግዲህ ዋስ ሁን መባል «ለእሷ የሚመጣውን ዕዳ ተሸከም» መባል ከሆነ፣ መሸከም ያልቻለ ሰው «አልችልም» ቢል ዝምድናን ቆረጠ አይባልም። ዝምድና የሚቀጠልበት መንገድ ብዙ ነው፤ ይጠይቃል፣ ይረዳል፣ ዱዓ ያደርጋል። አቅሙን የሚያውቀው እሱ ነው። የራሱ ሚስትና አራት ልጆች ሐቅም አለበት። በሽማግሌ ተጨንቆ የፈረመ አጎት ነገ የልጅቷ ትዳር ሲንገዳገድ በሁለት በኩል ይቆስላል፤ ልጅቷም የእሱን ፊት እየፈራች በደል ስታይ ዝም ትላለች። አጎት በበኩሉ ስልክ መዝጋቱ ልክ አይደለም፤ «አልችልም» ብሎ ምክንያቱን ቢናገር ኖሮ እህቱ ይህን ያህል አታለቅስም ነበር።

የሚችልና የሚፈርም ዘመድ ሲገኝ ደግሞ ነገሩ በወረቀት ይሁን እንላለን። በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምበት የታዘዘው ባዕዳንን ብቻ በማሰብ አይደለም። ባል ለአጎት «በዚህ ፊርማ ምክንያት የምትከፍለው ቢኖር የምተካው እኔ ነኝ» ብሎ ይጻፍለት፤ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ይህ በመካከላቸው ያለውን ሐቅ ይለያል እንጂ አጎትን ከመንግሥት ጥያቄ አያድነውም። ነፈቃው ከመነሻው የባል ግዴታ ነውና ይህን መጻፍ ለባልም ውርደት አይደለም። ለልጅቷም አይ-864 ምን እንደሆነ በቋንቋዋ ይነገራት፤ ኽምጣንኛ የምትሰማ ከሆነ በኽምጣንኛ።

ዋስ ተገኘም አልተገኘ፣ ጋብቻው ራሱ በወረቀት ካልቆመ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ሙሽራው ባሕር ማዶ ሆኖ በወኪል ኒካሕ የታሰረላቸው እህቶች ብዙ ናቸው። በሸሪዓው ውክልና የታወቀ ነው። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ሕግ ግን ተጋቢዎቹ በአንድ ቦታ ሳይገኙ የተፈጸመን ጋብቻ የሚቀበለው ከውሉ በኋላ ባልና ሚስት በአካል ከተገናኙ ብቻ ነው። ስለዚህ ባል መጥቶ የሄደበት ማስረጃ፣ የጉዞ ቲኬትና የፓስፖርት ማህተም ይቀመጥ። የቤተሰብ ሕጋችን በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመን ጋብቻ ይቀበላል፤ ነገር ግን በክብር መዝገብ መመዝገብ አለበት። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከአበርገሌ የተፈናቀሉና ወረቀታቸው የጠፋባቸው ወገኖች ይህን ሥራ ከወዲሁ ቢጀምሩት ይሻላል።

ደግሞ ይህን ሁሉ የምታዘጋጁ ቤተሰቦች አንድ ነገር እንድታውቁ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከጃንዋሪ 21 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የነዋሪነት ቪዛ መስጠትን እንደሚያቆም አስታውቋል። የሰጠው ምክንያት መጤዎች የመንግሥት ሸክም ይሆናሉ የሚል ሥጋት ነው። ዋስትናው የሚጠየቀውም ለዚሁ ነበር። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ጉዞ ገንዘብ ከማውጣታችሁ፣ ዕቃም ከመሸጣችሁ በፊት ኤምባሲው በየጊዜው የሚያወጣውን መግለጫ ተመልከቱ፤ በደላላ ወሬ አትንቀሳቀሱ።

አሁን ወደ ኒሯቁ አባታችን እንመለስ። በደብዳቤዎ ውስጥ እንደ ዋዛ የጠቀሱት አንድ ነገር አለ፦ ባልየው ከታላቅ ወንድሙ ጋር በአንድ ቤት ይኖራል ብለዋል። ወንድሙ ሚስት የለውም፤ በመጋዘን ተቀጥሮ ይሠራል ብለዋል። እስካሁን ማንም እሱን አልጠየቀም፤ ሁሉም ወደ ሚኒሶታ ነው የሮጠው። ወንድምየው አይ-864ኤን ቢፈርም የሁለቱ ገቢ ይደመራል። ባል፣ ሚስትና ወንድም ሦስት ናቸው፤ በ2025 ሠንጠረዥ ለሦስት ሰው የሚጠየቀው 33,312 ዶላር ነበር። ባል 19,000 ቢኖረው ከወንድሙ የሚፈለገው 14,312 ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በሥራ ላይ ለቆየ የመጋዘን ሠራተኛ ይህ ብዙ አይደለም። ለዚህ የሚያስፈልገው የቅርብ ዓመት የግብር ወረቀቱ፣ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀቶቹና በዚያ ቤት መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ ነው።

ወንድሙን የሚጠይቀው ግን ባልየው ራሱ ይሁን። ሽማግሌ አይላክበት። ዛሬ የተነጋገርነው ሁሉ፣ የፍቺውም የ40 ሩቡም ነገር፣ ሳይደበቅ ይነገረው። ቤቱን ቀይሮ ቢሄድ እንኳ ፊርማው አብሮት እንደሚሄድም ይወቅ። የሚያስብበት ጊዜ ይሰጠው።

ለሚኒሶታውም ደውሉለት። ስልኩን ካላነሳ የድምፅ መልእክት ተዉለት፤ ስለ ፊርማው ሳይሆን ስለ ጤናው ጠይቁት።